የስክሪን አንባቢው አማርኛውን እንዲያነብ ያደረግሁበት መንገድ

ዓይነ ስውር የሆኑ የሥራ ባልደረባዬ የማስተዳድረውን ድረ ገጽ ኤንቪዲኤ በተባለው፣ በስክሪን ላይ ያለውን ጽሑፍ በድምፅ በሚያነብ ፕሮግራም ሲከፍቱ፣ የአማርኛ ድምፅ መርጠው እንኳ የሚሰሙት በእንግሊዝኛ አነባበብ የተዘበራረቀ፣ ትርጉም የሌለው ድምፅ ነበር። ጥፋቱ የእኔ ኮድ ነው፤ ገጹ በተጻፈበት ኮድ፣ በኤችቲኤምኤሉ መጀመሪያ ላይ የገጹ ቋንቋ እንግሊዝኛ ተብሎ ስለተጻፈ፣ ቋንቋን በራሱ እንዲቀይር የተዘጋጀው አንባቢ ያንን አምኖ የእርሳቸውን ምርጫ ይተወው ነበር። የገጹን ቋንቋ የሚያመለክተውን የ«ላንግ»ን ዋጋ ወደ አማርኛው ምልክት ስቀይረው፣ ከኤንቪዲኤ ጋር አብሮ የሚመጣው ኢስፒክ ኤንጂ የተባለው ጽሑፍን ወደ ድምፅ የሚቀይር ፕሮግራም አማርኛ ስለሚችል ጽሑፉ በትክክል ተነበበ።

በዚሁ አጋጣሚ ፊደላቸው ደምቆ ብቻ የተቀመጡትን ርዕሶች በእውነተኛ የርዕስ መለያ ተካኋቸው። ባልደረባዬ የኤች ቁልፍን እየተጫኑ ከርዕስ ወደ ርዕስ ስለሚሄዱና አንባቢው የደመቀ ፊደልን እንደ ርዕስ ስለማይቆጥር፣ ቀድሞ ገጹን ሁሉ ከላይ እስከ ታች ለማዳመጥ ይገደዱ ነበር፤ ይህን ሳላውቅ መቆየቴ ዛሬም ይቆጨኛል።