የሮቦቱ ድምፅ ለምን ይሰበር ነበር?

ሐዋሳ ላይ ለአንድ ሙዚቃዊ ኮሜዲ ኦዲሽን እየተዘጋጀሁ ነበር። ታሪኩ በፈረንጆቹ 1950ዎቹ የነበሩትን የጠፈር ፊልሞች ይመስላል፤ በራሪ ሳህን፣ የቆርቆሮ ሮቦት። እኔ የምጫወተው ሮቦቱን ነው። ዘፈኑ ከፍ ሲል ግን ድምፄ ይሰበራል።

ዝንጅብል በማር ሞከርኩ፤ ወይ ፍንክች! በመጨረሻ አሞራ ገደል አጠገብ፣ ሐይቁ ዳር ቆሜ ራሴን በስልክ ቀረፅኩ። ቪዲዮውን ሳየው ገባኝ። ሮቦት ለመምሰል ብዬ አንገቴንና ትከሻዬን ገትሬ ይዣለሁ። ደረት እንዲህ ሲታሰር ትንፋሽ ያጥራል፤ ጉሮሮም ይጨነቃል።

አሁን ግትርነቱን ለክርኔና ለእጄ አንጓ ብቻ ሰጠሁት። ሆዴና ጎኔ ልቅ ናቸው። ኪቦርድ የሚጫወትልኝ ልጅም ዘፈኑን በሁለት ሴሚቶን፣ ማለትም በሁለት ትንንሽ የድምፅ እርከን፣ አወረደልኝ። ይሄን መጠየቅ ነውር የለውም፤ ቀደም ብዬ መጠየቅ ነበረብኝ።

ኦዲሽኑ ላይ የመጨረሻዋን ኖታ እስከ ዳር ያዝኳት። ሳቁም እዚያው ላይ መጣ።