የካንሰር ጥናት ላይ ተሳተፊ ሲሉሽ ምን ትጠይቂያለሽ?

ሐዋሳ ሪፈራል ለጡት እብጠት ሄደሽ ወረፋ ስትጠብቂ ጋዋን የለበሰ ሰው መጥቶ "ጥናት እየሠራን ነው፣ ፈቃደኛ ነሽ?" ሊልሽ ይችላል። ቶሎ እሺ አትበይ፤ ቶሎ እምቢም አትበይ።

መጀመሪያ ለምን እንደሚፈልጉሽ ልንገርሽ። አሜሪካ ውስጥ ጥቁር ሴቶች በጡት ካንሰር የሚያዙት ከነጮቹ ትንሽ ባነሰ መጠን ነው፣ የመሞት ዕድላቸው ግን 40 በመቶ ገደማ ይበልጣል። ትሪፕል ኔጋቲቭ የሚባለው፣ የሆርሞን መድኃኒት የማይሠራለት ዓይነት እነሱ ላይ እጥፍ ያህል ይበዛል። "እኛም ጥቁር ነን፣ ያው ነው" እንዳትዪ። ይሄ ዓይነት ጋናውያን ላይ በብዛት ሲገኝ ኢትዮጵያውያን ላይ በጣም ያነሰ ነው። የብዙዎቻችን እንደ ታሞክሲፈን ባለ የሆርሞን ኪኒን ሊታከም የሚችለው ነው። ይሄ ሊታወቅ የቻለው የእኛ ሴቶች ናሙና፣ ማለትም ለምርመራ የሚሆን ከእብጠቱ የተወሰደ ሥጋ፣ ስለሰጡ ነው፣ ሌላ መንገድ አልነበረም።

ብትፈሪም አልፈርድብሽም። በፈረንጆቹ 1951 ሄንሪየታ ላክስ የተባለች ጥቁር አሜሪካዊት የማህጸን በር ካንሰር ይዟት ስትታከም፣ ሳያስፈቅዷት የወሰዱት ሕዋስ ዓለም ሁሉ ተመራመረበት፤ ቤተሰቧ ለዓመታት አልሰማም።

ስለዚህ ጠይቂ። ጥናቱን የትኛው የሥነ ምግባር ኮሚቴ አጸደቀው? ደሜንና ሥጋዬን የት ታስቀምጡታላችሁ፣ ውጭ አገር ይላካል? ለሌላ ጥናት ልትጠቀሙበት ብትፈልጉ ታስፈቅዱኛላችሁ? የትራንስፖርትና የተጨማሪ ምርመራ ወጪ በማን ነው? የፈቃድ ቅጹን በአማርኛ፣ ሲዳምኛ የሚቀልሽ ከሆነ በሲዳምኛ ያስረዱሽ። ማንበብ የማትችይ ከሆነ የምታምኚው ሰው ባለበት ይነበብልሽና በጣትሽ ትፈርሚያለሽ። ቤት ወስጄ ከእህቴ ጋር ልየው ማለትም መብትሽ ነው፤ የሚያጣድፍሽ ካለ እኔ ብሆን አልፈርምም። እምቢ ብትዪ ወይም ጀምረሽ ብታቋርጪ ሕክምናሽ አይነካም፣ ይህንንም በአፋቸው ይንገሩሽ። ቅጂውን ሳትይዢ አትውጪ።

አንድ ጥያቄ ግን ከሁሉም በላይ አጥብቂ፦ "የናሙናዬን ውጤት ለእኔም ትነግሩኛላችሁ?" ካንሰሩ የሆርሞን መድኃኒት የሚሠራለት መሆኑን የሚያሳየው የሆርሞን መቀበያ ምርመራ ሁሉም ሆስፒታል አይገኝም፤ ጥናቱ ውስጥ ከተሠራልሽ ግን ሐኪምሽ መድኃኒት ለመምረጥ ይጠቀምበታል። መፈረምሽ ደግሞ መታከም ማለት አይደለም። የባዮፕሲ (ከእብጠቱ ትንሽ ሥጋ ተወስዶ የሚመረመርበት) ቀጠሮሽን ጥናቱ እስኪያልቅ ብለሽ አንድ ቀን እንኳ እንዳታሳልፊ።