ድሬዳዋ ላይ ግዙፍ ሽንኩርት በጓሮ ስናለማ የምንሳሳታቸው ነገሮች

ብዙ ልፋት ከንቱ የሚያስቀረው ስህተት ዘሩ ላይ ነው። ውጭ ያለ ዘመድ የግዙፍ ሽንኩርት ዘር በፓኬት ይልካል፤ እኛም ደስ ብሎን እንዘራለን። እንግሊዝ አገር በሃሮጌት የአበባ ትርዒት ላይ እ.ኤ.አ. በ2023 8.97 ኪሎ የመዘነ ሽንኩርት ለውድድር ቀርቧል፤ እውነት ነው። ነገር ግን እንደ ኬልሴ ያሉት የዚያ አገር ዝርያዎች ኮረት፣ ማለትም ክቡን የሽንኩርት ራስ፣ የሚቋጥሩት ቀኑ 14 ሰዓትና ከዚያ በላይ ሲሆን ነው። ድሬ ላይ ረጅሙ ቀን 13 ሰዓት እንኳ አይሞላም። እኔም አንድ ዓመት ዘርቼው ቅጠሉ ጉልበቴ ድረስ ወጣ። ስነቅለው ግን ከሥሩ ያገኘሁት እንደ ባሮ ሽንኩርት ቀጥ ያለ ነጭ አንገት ብቻ ነበር። ስድስት ወር ያጠጣሁት ውሃ አሁንም ይቆጨኛል። ለእኛ የሚሆኑት በአጭር ቀን የሚቋጥሩት ናቸው፤ ቦምቤ ሬድ፣ አዳማ ሬድ፣ ለትልቅነት ደግሞ ቴክሳስ ግራኖ። ስምንት ኪሎ አትጠብቁ፤ ሁለቱ ራስ ወደ ኪሎ የሚጠጋ ሽንኩርት ግን ጓሯችሁ ውስጥ ይደርሳል።

ሁለተኛው ስህተት ወሩ ነው። አንድ ሽንኩርት አግድም ቆርጣችሁ እዩ፤ እያንዳንዱ ቀለበት የአንድ ቅጠል እግር ነው። አምስት ቅጠል ይዞ የቋጠረ ተክል ምንም ብታበሉት ትልቅ አይሆንም። ሙቀት ደግሞ ሽንኩርትን ያጣድፈዋል፤ ቅጠል ሳያበዛ ይቋጥራል። መጋቢት ላይ የዘራ ሰው የግንቦት ሐሩር ይቀድመዋል። መስከረም መጨረሻ ዘርታችሁ ኅዳር ላይ ካዛወራችሁት ግን ቀዝቃዛዎቹን ወራት ቅጠል ሲያወጣበት ይከርምና የበልጉ ዝናብ ሳይጠናበት ይደርሳል። ቅጠሉን እየቀነጠሱ ወጥ ላይ መጨመርም በዚሁ ምክንያት ጉዳት ነው። ለዚያ የሚሆን ጥግ ላይ ለብቻው ትከሉ።

ማጠጋጋትን በተመለከተ እናቴን ማሳመን አልቻልኩም፤ ችግኝ መጣል አይሆንላትም። የገበያ ሽንኩርት በ10 ሴንቲ ሜትር ርቀት ይተከላል፤ ግዙፍ ለሚፈልግ ግን 25 ሴንቲ ሜትር ያስፈልጋል። የተረፈውን ችግኝ ለጎረቤት እንሰጣለን፤ በዚህ ታረቅን።

ችግኙ ሦስት አራት ቅጠል ሲያወጣ፣ በ45 እና 55 ቀን መካከል፣ ሁለት ሦስት ሴንቲ ሜትር ብቻ ጥልቀት አስገቡት። እንደ ድንች አፈር ማልበስ አያስፈልገውም፤ ኮረቱ ግማሽ አካሉን ከአፈር በላይ አድርጎ ነው የሚወፍረው።

ውሃ ላይ ደግሞ ሁላችንም እንሳሳታለን። ማታ ማታ በጎማ ላዩን እንረጫለን፣ መሬቱ የጠገበ ይመስለናል። አሸዋማው አፈራችን ውሃ አይዝም፤ የሽንኩርት ሥር ደግሞ አጭርና ቅርንጫፍ የሌለው ስለሆነ ርቆ ሄዶ አይፈልግም። ጣታችሁን እስከ ሁለተኛው አንጓ ክተቱ፤ ደረቅ ከሆነ ጠዋት ከሥሩ በደንብ አጠጡ። ቀናት አድርቆ በአንድ ቀን ማጥለቅለቅ ኮረቱን ይሰነጥቀዋል። የተቆራረጠ የማሽላ አገዳ በመደዳው መካከል ቢነጠፍ እርጥበቱን ያቆይላችኋል።

ፍግ በደንብ የበሰበሰ ይሁን፤ ዩሪያም ቢሆን ኮረቱ ማበጥ ሲጀምር ይቁም። ከዚያ በኋላ የሚጨመረው አንገቱን ያወፍረዋል፤ አንገቱ የወፈረ ሽንኩርት ደግሞ ሳይደርቅ ይበሰብሳል። ቅጠሉ ላይ ብርማ ነጠብጣብ ካያችሁ ትሪፕስ የሚባለው ጥቃቅን ተባይ ነው፤ መሐል ልቡን ከፍታችሁ ፈልጉት።

የመጨረሻው ስህተት መቸኮል ነው። ቶሎ እንዲደርስ ብሎ ቅጠሉን በእግር መርገጥ አንገቱን ያቆስለዋል። ከግማሽ በላይ የሚሆነው ተክል ቅጠሉ ሲወድቅ ውሃውን አቁሙ፤ ዐሥር ቀን ያህል ቆይታችሁ ንቀሉ። የድሬ ፀሐይ ላይ አታስጡት፤ ያቃጥለዋል። ነፋስ የሚያገኝ ጥላ ሥር፣ አንገቱን በጣት ስትጫኑት እንደ ወረቀት እስኪንኮሻኮሽ ድረስ ይቆይ።