ለጅማ ልጆች ማኅበራት፦ ከአካባቢው ኮሚኒቲ ፋውንዴሽን ገንዘብ እንዴት ይጠየቃል

ከጅማ የመጡ ሰዎች አሜሪካ ውስጥ አንድ ከተማ ላይ በርከት ካሉ፣ የሕርማታው ከቆጪው፣ የጅሬኑ ከፈረንጅ አራዳው ጋር ተፈላልጎ መጀመሪያ የሚያቋቁመው ዕድር ነው። ዕድሩ ጠንከር ሲል ሌላ ሐሳብ ይመጣል፤ ልጆችን ቅዳሜ ቅዳሜ ማስጠናት፣ እናቶችን ሐኪም ቤት ይዞ ሄዶ ማስተርጎም፣ ከጅማ ዩኒቨርሲቲ ተመርቀው እዚህ መጋዘን ውስጥ ካርቶን የሚጭኑ ነርሶችን ለሙያ ፈቃድ ፈተና ማዘጋጀት። ለዚህ ዓይነት ሥራ ገንዘብ ከሚሰጡት አንዱ የአካባቢው ኮሚኒቲ ፋውንዴሽን ነው። እዚህ የተጻፈው የአሜሪካው አሠራር ነው። እንግሊዝና ካናዳም ተመሳሳይ ተቋማት አሉ፣ ሕጋቸው ግን ሌላ ነው።

ኮሚኒቲ ፋውንዴሽን የአንድ አካባቢ ለጋሾች ገንዘባቸውን በአንድ ቋት የሚያኖሩበት ተቋም ነው። ቋቱ ኢንቨስት ይደረግና ከሚያፈራው ላይ በየዓመቱ ለዚያው አካባቢ ይሰጣል። የመጀመሪያው በ1914 እ.ኤ.አ. ክሊቭላንድ ውስጥ ተቋቋመ፤ ዛሬ በመላ አገሪቱ በመቶዎች የሚቆጠሩ አሉ። እያንዳንዱ የሚያገለግላቸውን ካውንቲዎች በስም ይዘረዝራል፣ ከዚያ መስመር ወጥቶ አይሰጥም ማለት ይቻላል። ስለዚህ ምንም ነገር ከመጻፋችሁ በፊት ሥራው የሚሠራበት ካውንቲ ዝርዝሩ ውስጥ መኖሩን እዩ።

ለግለሰብ ችግር ይህ በር አይደለም። የቤት ኪራይ ያለፈበት፣ መብራት ሊቆረጥበት የደረሰ ሰው 211 ደውሎ በአካባቢው ያለውን እርዳታ ቢጠይቅ ይሻለዋል። ሁለተኛ ደረጃ የሚጨርስ ልጅ ያላችሁ ግን የፋውንዴሽኑን የስኮላርሺፕ ገጽ ተመልከቱ፤ ብዙዎቹ ለአካባቢው ተማሪዎች የተለየ ገንዘብ አላቸው። "ግራንት ደርሶዎታል፣ ለማስለቀቂያ ይህን ያህል ላኩ" የሚል ስልክ ሲመጣ ዝጉት።

አሁን ወደ ዕድሩ እንመለስ፣ ብዙ ማኅበር የሚሰናከለው እዚህ ላይ ነውና። ዕድር አባል አዋጥቶ ለአባል የሚሰጥበት ነው። ፋውንዴሽን የሚፈልገው ደግሞ ጥቅሙ ለሕዝብ ክፍት የሆነ ሥራ ነው። የቀብር ወጪ፣ የአስከሬን መላኪያ፣ የሰርግና የልደት መረዳጃ፣ ሁሉም ቅዱስ ሥራ ነው፤ ማመልከቻ ውስጥ ግን ቦታ የለውም። "የጅማ ተወላጆችን ብቻ እናገለግላለን" የሚል ዐረፍተ ነገርም በር ያዘጋል። ማስጠናቱ ለሰፈሩ አዲስ መጤ ልጆች ሁሉ ክፍት ይሁን፤ የጅማ ሰው መሆናችሁ ጥቅም የሚሰጠው ሌላ ቦታ ላይ ነው። ጅማ ያደገ ሰው አማርኛም አፋን ኦሮሞም መናገሩ ብርቅ አይደለም፣ ዳውሮኛ ወይም ከፍኛ የሚጨምርም ይገኛል። ትምህርት ቤቱ አስተርጓሚ ባጣበት ካውንቲ ይህ ትልቅ አቅም ነው፤ ቁጥር ሰጥታችሁ ጻፉት። ስንት በጎ ፈቃደኛ አላችሁ፣ በየትኛው ቋንቋ፣ በሳምንት ስንት ሰዓት? የዕድሩን ሂሳብ ከዚህ ሥራ ሂሳብ ለዩ፤ የሚቻል ከሆነ ሁለቱን በተለያየ ድርጅት አቋቁሙ።

ወረቀቱ ቅደም ተከተል አለው። መጀመሪያ ማኅበሩን በስቴቱ መንግሥት ዘንድ ለትርፍ ያልቆመ ኮርፖሬሽን አድርጋችሁ ታስመዘግባላችሁ። የመመሥረቻ ሰነዱ ውስጥ ሁለት አንቀጾች እንዳይጎድሉ፦ ዓላማው የበጎ አድራጎት ብቻ መሆኑ፣ ማኅበሩ ቢፈርስ ንብረቱ ለሌላ በጎ አድራጎት ድርጅት እንደሚተላለፍ። የዕድር መተዳደሪያ ደንብ ብዙ ጊዜ "ሲፈርስ ገንዘቡ ለአባላት ይከፋፈላል" ይላል፤ ያ እንዳለ ከተገለበጠ የአሜሪካ የግብር መሥሪያ ቤት፣ አይአርኤስ የሚባለው፣ አይቀበለውም። ቀጥሎ የግብር መለያ ቁጥሩን፣ ኢአይኤን የሚባለውን፣ ከአይአርኤስ ታወጣላችሁ። ነፃ ነው፤ ሊያስከፍላችሁ የሚሞክር ድረ ገጽ የአይአርኤስ አይደለም። ከዚያ የ501ሲ3፣ ማለትም ከግብር ነፃ የበጎ አድራጎት ድርጅት የመሆን ፈቃድ፣ ማመልከቻ ይመጣል። በሚቀጥሉት ሦስት ዓመታት የዓመት ገቢያችሁ ከ50,000 ዶላር፣ ጠቅላላ ንብረታችሁም ከ250,000 ዶላር የማይበልጥ ከሆነ አጭሩን ፎርም 1023-ኢዚ መሙላት ይቻላል፣ ክፍያው 275 ዶላር ነው። ረጅሙ ፎርም 1023 600 ዶላር ያስከፍላል። ማኅበሩ በተመሠረተ በ27 ወር ውስጥ ካመለከታችሁ ፈቃዱ ከምሥረታው ቀን ጀምሮ ይቆጠራል።

ስም ላይ ተጠንቀቁ። ጅማን በላቲን ፊደል አንዱ በአንድ ኤም፣ ሌላው በሁለት፣ ሦስተኛው ከፊት ዲ ጨምሮ ይጽፋታል። በስቴቱ ምዝገባ፣ በአይአርኤስ ደብዳቤና በባንክ ሂሳቡ ላይ ያለው ስም በአንድ ፊደል ከተለያየ ማመልከቻው ቆሞ ይቀራል ወይም ቼኩ ባንክ ላይ ይመለሳል። የቦርድ አባላትም እንዲሁ ናቸው፦ ፓስፖርቱ ላይ የአያት ስም ያለው ሰው ባንክ ላይ በአባት ስም ብቻ አይፈርም። የቦርድ ዝርዝሩን ደግሞ ፋውንዴሽኑ ያነበዋል። ሊቀመንበሩ፣ ባለቤቱና ወንድሙ ከሆኑ የፈረሙት የሚነሳውን ጥያቄ መገመት አይከብድም። ዝምድና የሌላቸው ቢያንስ ሦስት፣ ቢቻል አምስት ሰዎች ይኑሩ፤ ለባንክ ፊርማ ሁለት ሰው አስፈርሙ።

501ሲ3 እስኪወጣ መጠበቅ ግድ አይደለም። ፈቃዱ ያለው ሌላ ድርጅት ፊስካል ስፖንሰር ሆኖ ገንዘቡን በስሙ ይቀበልላችኋል፣ ሂሳቡንም ይይዛል፤ ለዚህም ከገንዘቡ ላይ በመቶኛ የተወሰነ ይወስዳል፣ ከ5 እስከ 10 በመቶ የተለመደ ነው። ለጀማሪ ማኅበር የምንመክረው ይህን መንገድ ነው። ስምምነቱ ግን በጽሑፍ ይሁን። ከሁሉ በላይ ደረሰኝ ካቀረባችሁ በስንት ቀን እንደሚከፍላችሁ ይጻፍ፤ አስጠኚው ወር ሙሉ ደመወዝ ሲጠብቅ ሥራው የሚፈርሰው በዚህ ነው።

ማመልከቻውን ከመጀመራችሁ በፊት ለፋውንዴሽኑ ፕሮግራም ኦፊሰር፣ ማመልከቻዎችን ለሚከታተለው ሠራተኛ፣ ደውሉ። እኛ ዘንድ ይህ በይሉኝታ ይታለፋል፣ ባለሥልጣን ማስቸገር ይመስላል። እዚህ ግን ጥያቄ መመለስ የሥራቸው አካል ነው፣ የአሥራ አምስት ደቂቃ ስልክ የሦስት ሳምንት ድካም ያድናል። ሥራችሁን በሁለት ዐረፍተ ነገር ተናገሩና ሦስት ነገር ጠይቁ፦ ከዘንድሮው ትኩረታቸው ጋር ይገጥማል ወይ፣ ለአዲስ አመልካች የሚሰጡት ገንዘብ መጠን ምን ያህል ነው፣ ፊስካል ስፖንሰር ይቀበላሉ ወይ። "ዘንድሮ አይሆንም" ካሉ አትከራከሩ፣ የሚቀጥለው ዙር መቼ እንደሚከፈት ጠይቃችሁ ዝጉ።

አጻጻፉ ላይ የምናየው ዋና ድክመት የመጀመሪያው ገጽ በአባ ጅፋር ቤተ መንግሥትና በቡና ታሪክ መሞላቱ ነው። ያምራል፤ ገምጋሚው ግን ማወቅ የሚፈልገው የራሱን ካውንቲ ችግር ነው። ጅማ አንድ ዐረፍተ ነገር ይበቃታል። ጅማ ዩኒቨርሲቲ ተምረው ሲቢቲፒ፣ ማለትም ተማሪዎች ኅብረተሰቡ ውስጥ ገብተው ለሚሠለጥኑበት ፕሮግራም፣ የወጡ ሰዎች መካከላችሁ ካሉ ይህን ክፍል ለእነሱ ስጡ፤ ቤት ለቤት ጠይቆ፣ ችግርን በቅደም ተከተል አስቀምጦ፣ ዕቅድ ማውጣት የለመዱት ሥራ ነው። 30 ቤተሰብ በአንድ ገጽ መጠይቅ ጠይቁ፦ ስንት ልጅ፣ ስንተኛ ክፍል፣ የቤት ሥራ የሚያግዝ ማን አለ፣ ቅዳሜ መምጣት ይችላሉ ወይ። "ብዙ ልጆች ይቸገራሉ" ከማለት "ከጠየቅናቸው 30 ቤተሰቦች በ21ዱ ቤት እንግሊዝኛ አንብቦ የሚያስረዳ አዋቂ የለም" ማለት ይበልጣል፣ ቁጥሩ በእርግጥ የእናንተ መጠይቅ ያወጣው እስከሆነ ድረስ። ግባችሁም የሚቆጠር ይሁን፦ 25 ልጆች፣ 30 ቅዳሜ፣ ቢያንስ 18ቱ ከሦስት አራተኛው ክፍለ ጊዜ በላይ የተገኙ። የማትደርሱበትን ቁጥር አትጻፉ፤ በዓመቱ መጨረሻ በሪፖርት የሚጠየቀው ያው ቁጥር ነው።

በጀቱ ለምሳሌ እንዲህ ሊሆን ይችላል። ሁለት አስጠኚዎች ለ30 ቅዳሜ በቀን 2 ሰዓት በ25 ዶላር 3,000 ይሆናል። አስተባባሪ በሳምንት 4 ሰዓት ለ36 ሳምንት በተመሳሳይ ክፍያ 3,600። አዳራሽ በቀን 40 ዶላር 1,200፤ ለ25 ልጆች ደብተርና መጽሐፍ በነፍስ ወከፍ 30 ዶላር 750፤ ትርጉም 500፤ የተጠያቂነት ኢንሹራንስ 600፤ ከልጆች ጋር ለሚሠሩ 5 ሰዎች የወንጀል ሪከርድ ማጣሪያ 150። ድምሩ 9,800፣ ለአስተዳደር 10 በመቶ ሲጨመር 10,780 ዶላር። ከፋውንዴሽኑ 8,000 ጠይቁ፤ 1,580 ከአባላት መዋጮ፣ 1,200 ደግሞ ቤተ ክርስቲያኑ ወይም መስጊዱ በነፃ የሚሰጠው አዳራሽ ግምት ይሁን። በነፃ የተገኘውን ነገር መጻፍ ብዙ ማኅበር ይረሳል፤ የአካባቢው ሰው ሥራውን እንደሚደግፍ የሚያሳየው ግን እሱ ነው። ኢንሹራንስና የሪከርድ ማጣሪያ የሌለበት የልጆች ፕሮግራም በጀት ልምድ እንደሌላችሁ ወዲያው ይናገራል። ማመልከቻ ጽፎ "ሲገኝ 10 በመቶ ትሰጡኛላችሁ" የሚል ሰው ከመጣ አትስማሙ፤ በሙያው ሥነ ምግባር የተከለከለ ነው፣ ፋውንዴሽኖችም አይወዱትም።

የመዝጊያ ሰዓቱ "5 ፒኤም" ከተባለ በእኛ 11 ሰዓት ነው፣ ድረ ገጹም በዚያች ደቂቃ ይቆለፋል። መልሱን ቀጥታ ሳጥኑ ውስጥ አትጻፉ። ሌላ ቦታ ጽፋችሁ ገልብጡ፣ የፊደል ገደቡንም አስቀድማችሁ ቁጠሩ። ከሁለት ቀን በፊት ላኩ።

ገንዘቡ ሲገባ ለተጠየቀበት ብቻ ይውላል። ከደብተር የተረፈ 200 ዶላር ለበዓል ዳቦ ቢውል ጉዳቱ ከ200 ዶላር በላይ ነው። ዕቅድ ሲቀየር ከማውጣታችሁ በፊት በኢሜይል ጠይቁና የጽሑፍ መልስ ያዙ፤ አብዛኛውን ጊዜ ይፈቅዳሉ። በየዓመቱ ለአይአርኤስም ማሳወቅ አለ። ገቢያችሁ በተለምዶ ከ50,000 ዶላር የማይበልጥ ከሆነ 990-ኤን የሚባለው አጭር የኤሌክትሮኒክ ቅጽ ይበቃል፣ የሂሳብ ዓመታችሁ ዲሴምበር ላይ የሚዘጋ ከሆነ ቀኑ ሜይ 15 ነው፣ በእኛ ግንቦት 7 መሆኑ ነው። ሦስት ዓመት በተከታታይ ያላሳወቀ ድርጅት ፈቃዱ በራሱ ይሰረዛል።

"ከዚህ ገንዘብ ላይ ጅማ ላለው ትምህርት ቤት ብንልክስ?" የሚል ጥያቄ በየስብሰባው ይነሳል። ለካውንቲው ሥራ ከተሰጠው አይቻልም። ለጅማ ሥራ ገንዘብ ለብቻው ይሰበሰባል፤ በዚያም ቢሆን 501ሲ3 ያለው ድርጅት ገንዘብ አስተላላፊ ብቻ መሆን አይፈቀድለትም፣ ለማን፣ ለምን፣ እንዴት እንደሚውል ራሱ መወሰንና መቆጣጠር አለበት። ተቀባዩ በኢትዮጵያ በአዋጅ ቁጥር 1113/2011 መሠረት የተመዘገበ ድርጅት ቢሆን ሥራው ይቀላል። ስምምነቱ በጽሑፍ፣ ዝውውሩ ከድርጅት ሂሳብ ወደ ድርጅት ሂሳብ በባንክ፣ ደረሰኝና ፎቶ በየክፍያው። በዘመድ የግል አካውንት፣ ዘመዱ የቱንም ያህል ታማኝ ቢሆን፣ አትላኩ።