ዊልቸር የማይወጣውን መወጣጫ እንዴት አስተካከልነው

አዳማ ዙሪያ ገጠር የነበረውን የአያቴን የጭቃ ቤት አፍርሰን በብሎኬት ስንሠራ፣ ሐሳባችን እሳቸው ያለ ሰው እርዳታ በዊልቸር እንዲገቡና እንዲወጡ ነበር። ቤቱ አለቀ፤ እሳቸው ግን መግባት አልቻሉም። ጎርፍን ፈርተን ወለሉን ከግቢው 45 ሳንቲሜትር ከፍ አድርገነዋል። መወጣጫው ደግሞ 2 ሜትር ብቻ ነው። ግማሹ ላይ ሲደርሱ ጎማው ወደ ኋላ ይመለሳል።

መጀመሪያ የሊሾው ልስላሴ መስሎን በመሮ አሻከርነው። መንሸራተቱ ቀነሰ፤ ክንዳቸው ግን አሁንም አልቻለም። ቀጥሎ የብረት መደገፊያ አስበየድን። ሁለት እጁ ጎማ ላይ ያለ ሰው መደገፊያውን በምን ይይዘዋል?

መላው ስሌቱ ላይ ነበር፦ ለ1 ሳንቲሜትር ከፍታ 12 ሳንቲሜትር ርዝመት። 45 በ12 ሲባዛ 5 ሜትር ከ40 ይሆናል። ከበሩ ፊት ለፊት ይህን ያህል ቦታ ስላልነበረን አሮጌውን አፍርሰን፣ በሩ ላይ 1 ሜትር ተኩል በ1 ሜትር ተኩል ደልዳላ መቆሚያ ሠራን፤ መወጣጫውንም ግድግዳውን አስጠግተን ወደ ጎን አወረድነው። ከፍታውን በዓይን አትገምቱ፤ እኛ ውሃ በሞላ ግልጽ ቱቦ ለካን። ኮንክሪቱ ሳይደርቅ በመጥረጊያ አግድም ጫርነው፤ ጎማ እንዳያመልጥም ጠርዙን 10 ሳንቲሜትር ከፍ አደረግነው። ሰባት ቀን ሙሉ ውሃ አጠጣነው።

በስምንተኛው ቀን ጠዋት አያቴ ብቻቸውን ወርደው ዶሮዎቻቸውን አበሉ።