የቼዝ ካሮ ካን ላይ ቢሾፕ እየታፈነ ሲሞት፦ ችግርና መፍትሄ

ደብረ ብርሃን ስልክ የምጠግንባት ጠባብ ሱቅ አለችኝ። ከሰዓት በኋላ ብርዱ ሲመጣ ልጆቹ እጃቸውን እያሻሹ ይገቡና በሩን ገርበብ አርገው ቼዝ ይጫወታሉ፣ እኔም ካውያውን አስቀምጬ አያለሁ፣ አንዳንዴ ከኔ ስራ የነሱ ይበልጥብኛል። በጥቁር ካሮ ካን የሚባለውን ኦፕኒንግ (የጨዋታ አከፋፈት) የሚጫወተው ሁሉ አንድ ቀን ስልኩን ይዘረጋልኝና "ይሄ ኦፕኒንግ አልሰራ አለኝ፣ ልቀይረው ነው" ይለኛል። ስልክም እንደዚሁ ነው የሚመጣልኝ። "ባትሪው ሞቷል ቀይርልኝ" ይሉሃል፣ ከፍተህ ስታየው የቻርጀሩ ቀዳዳ ውስጥ የኪስ ብናኝ ተጠቅጥቆበታል። ስንቱን ልጅ ጨዋታ ከፍቼ ካየሁ በኋላ የምልህ፣ አስር ዓይነት የሚመስለው ሽንፈት ብዙ ጊዜ አንድ ነው፣ እሱም ያሸነፍክበት ጨዋታ ውስጥ ተደብቆ ነው ያለው። እመጣበታለሁ።

ጨዋታህን እንዴት እንደምትከፍት፣ 1. ኢ4 ሲ6 2. ዲ4 ዲ5 ምን እንደሆነ ብዙ አላስረዳም፣ ታውቀዋለህ። ላላወቀ፦ ፊደልና ቁጥሩ የሰሌዳው ካሬ ነው፣ መጀመሪያ የነጭ ሙቭ ቀጥሎ የጥቁር ይጻፋል፣ ሦስት ነጥብ ካለ የጥቁር ነው። ኦፕኒንጉን ለሚጠራጠር ብቻ፦ ካሮና ካን የሚባሉት ሁለት ሰዎች በፈረንጆቹ 1886 ትንታኔያቸውን ካሳተሙ ወዲህ ስንቱ ፈትኖታል፣ ቦትቪኒክ የዓለም ሻምፒዮና ግጥሚያ ላይ ተማምኖበታል፣ የዓለም ሻምፒዮን የነበረው ካርፖቭም ብዙ ዓመት ኖሮበታል። አንተ በሦስት ደቂቃ ጨዋታ "ቀዳዳ አገኘሁበት" አትበለኝ።

ትናንሾቹን ቶሎ ቶሎ ልለፍ።

ምልክት፦ ገና አራተኛው ሙቭ ላይ ጨዋታ የሚተነትነው ማሽን ነጭ በ0.4 (አንድ ወታደር 1 ሲሆን) ይሻላል ይላል። ምክንያት፦ ነጭ ቀድሞ ስለሚጫወት። መፍትሄ፦ ምንም። ዝም በለው።

ምልክት፦ ስቶክፊሽ የሚባለው የቼዝ ማሽን አሁን ያለህን ከደቂቃ በኋላ ይክዳል፣ ስልኩም እንደ ምጣድ ይግላል። ምክንያት፦ ስልክህ ላይ ሲሰራ ጥልቀቱ የሚጨምረው ቀስ እያለ ነው፣ መጀመሪያ ላይ የሚነግርህ ገና ያልበሰለ ነው። መፍትሄ፦ ሊቼስ (ቼዝ የምንጫወትበት ድረገጽ) ላይ የኮምፒውተር ትንታኔ የሚጠየቅበትን ንካ፣ የነሱ ሰርቨር ይሰራልሃል፣ ነፃ ነው። ቻርጅ እያረክ ስልኩ ላይ እንዳታስኬደው! በተለይ ያችን ርካሽ ባትሪ ያስገባህ ከሆነ። ጀርባው እንደ አምባሻ ተነፍቶ ስንት ስልክ መጥቶልኛል፣ ያን ባትሪ የሚያመጡትንም የሚሸጡትንም ምን እንደምላቸው እዚህ አልጽፍም።

ምልክት፦ "ከአስር ካሮ ካን ሰባቱን ተሸነፍኩ።" መጀመሪያ ሰባቱን ለያቸው። መብራት ሄዶ ዋይፋይ የጠፋብህ፣ ኔትወርክ የቆረጠብህ፣ እየመራህ ሰዓት ያለቀብህ፣ እነዚህ የኦፕኒንግ ሽንፈት አደሉም፣ አውጣቸው። አንድ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ እንዲህ እያለቀሰ መጥቶ ስንቆጥር ከሰባቱ ሦስቱ እንደዛ ነበሩ፣ አንዱንማ ሙሉ ሩክ በልጦ ነው መብራት የሄደበት።

ምልክት፦ በስድስተኛው ሙቭ ሜት። 3. ፈረስ ሲ3፣ ዲ5 ያለው ወታደርህ ኢ4ን በላ፣ 4. ፈረሱ መልሶ በላ፣ አንተ ፈረስ ዲ7፣ 5. ኩዊን ኢ2። እዚህ ጋ ሁለተኛውን ፈረስ ወደ ኤፍ6 ካወጣህ 6. ፈረስ ዲ6 አለቀ። ኢ7 ያለው ወታደርህ ከኩዊኗ ፊት ታስሯልና ፈረሱን መብላት አይችልም፣ ንጉሡም የራሱ ሰዎች ከበውት ነው የሚሞተው። ኩዊን ኢ2 ስታይ ኢ6 በልና ቀጥል። አንዴ ከደረሰብህ አትረሳውም፣ ስለዚህ ብዙ አልልበትም።

ነጭ 3. ኤፍ3 ካለህ አትደንግጥ፣ ኢ4ን ብላ፣ መልሶ ሲበላ ኢ5 በል። በስግብግብነት ኢ5ን ከበላ ኩዊን ኤች4 ቼክ ነው፣ ኢ4 ያለው ወታደሩ ይወድቃል። ካልበላና 5. ፈረስ ኤፍ3 ካለ ግን ዲ4ን ለመብላት አትቸኩል፣ ቢሾፕህን አውጣ።

አሁን ወደ ዋናው። "ጣርማ በር ተዘጋ።"

እኛ ሱቅ ውስጥ ስሙ ይሄ ነው። ጣርማ በር ላይ ጉም ወርዶ ወይ ከባድ መኪና ተበላሽቶ ሲዘጋ ምን እንደሚሆን የደሴን መንገድ የሄደ ያውቃል፣ ወደፊትም የለም ወደኋላም የለም፣ ሰልፉ ከዋሻው ወዲያ ወደ ደብረ ሲና ቁልቁል ነው። ካሮ ካን ላይ ነጭ 3. ኢ5 ሲል ጥቁር ቢሾፑን ኤፍ5 ላይ ያወጣዋል፣ የኦፕኒንጉ ጣዕምም እሱ ነው፣ ፍሬንች የሚባለውን ኦፕኒንግ የሚጫወተው ሰውዬ ቢሾፑ ሲ8 ላይ ታስሮበት ሲበሳጭ ያንተ ውጪ አየር እየወሰደ ነው። ቀጥለህ ኢ6 ትላለህ። ኢ6 ባልክባት ቅጽበት ግን ቢሾፑ የመጣበት መንገድ ከኋላው ተዘጋ። የቀረው መሸሻ በጂ6 በኩል ወደ ኤች7 ነው፣ ኤች7 ላይ ደግሞ የራስህ ወታደር ተገትሯል። በር የሌለው ጓዳ።

ሙሉው ይሄውልህ፦ 1. ኢ4 ሲ6 2. ዲ4 ዲ5 3. ኢ5 ቢሾፕ ኤፍ5 4. ኤች4 ኢ6 5. ጂ4 ቢሾፕ ኢ4 6. ኤፍ3 ቢሾፕ ጂ6 7. ኤች5። በቃ። ኤፍ5 ቢሄድ ጂ4 ይበላዋል፣ ኢ4 ቢሄድ ኤፍ3 ይበላዋል፣ ሲ2 ላይ ቢወረወር አንድ ወታደር ይዞ ይሞታል። ጥፋቱ አራተኛው ሙቭ ላይ ያለችው ኢ6 ናት፣ ከዛ በኋላ ያለው ቀብር ነው።

ታዲያ ይሄ ከታወቀ ለምንድነው ልጆቹ ስድስት ወር ሙሉ የማያገኙት? ትንታኔ ሲከፍቱ ግራፉ ላይ ትልቁን ገደል ነው የሚፈልጉት። ያ የዩኒቨርሲቲ ልጅ ሁሌ የሚያሳየኝ አስራ አምስተኛ ሙቭ ላይ ኩዊኑን የሰጠበትን ነበር፣ "ኧረ ይቺን ባላረጋት!" እያለ። ወንድሜ፣ አስራ አምስተኛው ላይ ኩዊንህን የሰጠኸው ቢሾፕ ጎድሎብህ ስትፍጨረጨር ነው። ከመጨረሻው ወደኋላ አትምጣ፣ ከመጀመሪያው ወደፊት ሂድና መጀመሪያ የወረደባትን ቦታ ያዝ።

ሁለተኛው ደሞ የባሰው ነው። ሰው የሚተነትነው የተሸነፈውን ብቻ ነው። የዚህን ልጅ ጨዋታዎች አንድ ላይ ስንከፍት 4. ኤች4 ኢ6 አስራ አንድ ጊዜ ተጫውቷል፣ ሰባቱን አሸንፏል፣ ምክንያቱም ተጋጣሚዎቹ ጂ4ን አላዩዋትም፣ ዝም ብለው ፈረስ አወጡ ወይ ኤች5 ብለው አለፉ። ስላሸነፈ አልከፈታቸውም፣ ስላልከፈታቸው ኢ6 ልማድ ሆነች፣ ከዛ ሬቲንጉ (የደረጃ ነጥቡ) ከፍ ሲል ጂ4ን የሚያዩ ሰዎች መጡና "ኦፕኒንጉ ተበላሸ" አለ። ኦፕኒንጉ አልተበላሸም፣ ድሮም ጥገናው የተሰራው በማስቲሽ ነበር።

ሦስተኛው ምክንያት እኔንም ያስገረመኝ ነው። ከመንዝ፣ ከመሐል ሜዳ ከተማ የመጣ አንድ ልጅ አለ፣ ጎበዝ ነው፣ ይሄን ወጥመድ በቃሉ ያውቀዋል፣ ሰሌዳ ላይ አስቀምጬ ብጠይቀው በአንድ ሰከንድ "ኤች5" ብሎ ይመልሳል። ግን ኦንላይን ላይ በሳምንት ሁለት ጊዜ ይሞትበታል። "አስቤበት ነው፣ ተሸውጄ ነው" እያለ ይምላል። ጨዋታውን በብራውዘር ከፈትኩና የሙቭ ሰዓቱን አየሁ፣ ኢ6 ላይ የፈጀው ጊዜ ዜሮ። ዜሮ! ነጩ ገና እያሰበ እያለ ይሄ ልጅ ኢ6ን ፕሪሙቭ አርጎ (ተራው ሳይደርስ ቀድሞ አስገብቶ) ቁጭ ብሏል፣ ምክንያቱም ከአስር ዘጠኝ ጊዜ ቀጣዩ ኢ6 ስለሆነ። ጭንቅላቱ ያውቃል፣ ጣቱ አያውቅም። እሱን ቲዎሪ ባስጠናው ስንት ወር በከንቱ ነበር!

ስለዚህ መፍትሄው እንደ ምክንያቱ ነው። የማታውቀው ከሆነ፦ 4. ኤች4 ሲመጣ ኤች5 በል፣ ቀላሉ እሱ ነው፣ ጂ4 ዋጋ ያጣል። 4... ኤች6ም ይቻላል፣ የዓለም ሻምፒዮን የነበረው ታል በፈረንጆቹ 1961 ከቦትቪኒክ ጋር ሲጋጠም ይሄን 4. ኤች4 ደጋግሞ አምጥቶት ነበር፣ ግጥሚያውን ግን ቦትቪኒክ ነው ያሸነፈው። ኤች6 ካልክና 5. ጂ4 ከመጣ ቢሾፑን ወደ ዲ7 መልሰው፣ ኢ6 ገና ስላላልክ መንገዱ ክፍት ነው። ኤች7 ላይ ከሸጎጥከው ነጭ 6. ኢ6 ብሎ አንድ ወታደር ሰውቶ ያፍንሃል። የምታውቀው ግን ጣትህ የሚያመልጥህ ከሆነ ሴቲንግ ገብተህ ፕሪሙቭን አጥፋው። ሙሉ በሙሉ። "ለመጨረሻው ሰከንድ ያስፈልገኛል" የሚለኝ ሁሉ ቢሾፑን ተሸክሞ ይመለሳል።

ይሄው በሽታ በሌላ ልብስም ይመጣል። 3. ፈረስ ሲ3 ተጫውቶ ወታደሮቹ ከተበላሉ በኋላ 4... ቢሾፕ ኤፍ5 5. ፈረስ ጂ3 ቢሾፕ ጂ6 6. ኤች4፣ እዚህም ኢ6 ካልክ 7. ኤች5 ነው፣ ባይሞትም ቢሾፑ ኤፍ5 ላይ ሸሽቶ በፈረሱ ይለወጥብሃል። 6... ኤች6 ብለህ በሩን ክፈት። በ3. ኢ5ም 4. ፈረስ ሲ3 ኢ6 5. ጂ4 ቢሾፕ ጂ6 6. ፈረስ ኢ2 ሲመጣ ሲ5 በል፣ ከዛ 7. ኤች4 ሲል ኤች ወታደርህን እንዳትረሳት።

ማስጠንቀቂያ፣ ትልቁ፦ ይሄን ካስተማርኳቸው በኋላ ልጆቹ ኤች6ን እንደ ክትባት በየቦታው መውጋት ጀመሩ። አይሆንም! በሩ የሚከፈተው ቢሾፑ ውጪ ሲሆን ነው። ቢሾፑ ገና ሲ8 ላይ ተቀምጦ ኤች6 ማለት እንኳን አንተን ካስፓሮቭን አልማረችውም። በፈረንጆቹ 1997 ግንቦት ላይ ያኔ የዓለም ሻምፒዮን የነበረው ካስፓሮቭ ዲፕ ብሉ ከሚባለው ኮምፒውተር ጋር ስድስተኛውን ጨዋታ ሲጫወት በ4... ፈረስ ዲ7 ገብቶ 5. ፈረስ ጂ5 ፈረስ ኤፍ6 6. ቢሾፕ ዲ3 ኢ6 7. ሌላኛው ፈረስ ኤፍ3 መጣና ኤች6 አለ፣ ማሽኑ ፈረሱን ኢ6 ላይ ሰዋው፣ ሃያ ሙቭ ሳይሞላ ካስፓሮቭ ተነስቶ ሄደ። እዛ ቦታ ላይ ቢሾፕ ዲ6 ማለት ነበረበት። ኤች6 ከማለትህ በፊት "ለየትኛው ቢሾፕ?" ብለህ ጠይቅ።

ያንተ በሽታ ይሄ መሆኑን ለማረጋገጥ፦ ሊቼስ ላይ የትንታኔ ሰሌዳውን ክፈትና የመጽሐፍ ምልክቷን ንካ፣ ከማስተሮቹ ጎን ተጫዋች የሚል አለ፣ የራስህን ስም አስገባና ጥቁር በል። መጀመሪያ ጨዋታህን እስኪሰበስብ ትንሽ ይቆያል፣ ኔትወርኩ ደህና ሲሆን አርገው። ከዛ 3. ኢ5 ቢሾፕ ኤፍ5 4. ኤች4 ድረስ ሂድና ስንቴ ምን እንዳልክ ቁጥሩን ተመልከት። ያሸነፍካቸውንም ክፈት ብያለሁ፣ ሦስተኛ ጊዜ እንዳታስብለኝ። ማስተሮቹ የሚለውን ለጊዜው ተወው፣ እነሱ ሁለት ሰዓት አስበው የተጫወቱትን በሦስት ደቂቃ ልትቀዳ አትችልም።

ማሽኑን ቀድመህ አታብራ። ሱቅ የሚመጡ አንድ ጡረታ የወጡ ጋሼ አሉን፣ ስልካቸው የተሰነጠቀ ነው፣ ግን ከልጆቹ ሁሉ በላይ የሚተነትኑት እሳቸው ናቸው። ጨዋታው እንዳለቀ የቀበሌ መዝገብ በሚመስል ደብተር ላይ "እዚህ ጋ ፈራሁ" "እዚህ ጋ አላሰብኩም" ብለው ይጽፋሉ፣ ማሽን የሚያበሩት በማግስቱ ነው። አንድ ቀን ደብተሩን ብገልጠው ዘጠኝ ቦታ "ኤች ወታደር ሲመጣ ደነገጥኩ" ይላል። በሽታቸውን ስቶክፊሽ ሳይነግራቸው አግኝተውታል። በጨዋታ መሃል ማሽን የሚከፍት ካለ ደግሞ እኔ ጋ አይምጣ፣ አካውንቱ ሲዘጋም "ሃክ ተደረኩ" ብሎ ስልኩን እንዳያመጣልኝ።

የቀረው ብርቅ ነው። 3. ነጭ ዲ5ን ከበላ ሰላማዊ ነው፣ ቢሾፕህን የሚያሳድድ የለም፣ ፈረሶችህን አውጣ። በ3. ኢ5 ደግሞ 4. ፈረስ ኤፍ3 ካለና ቀጥሎ ቢሾፑን ኢ2 ላይ ካስቀመጠ ኢ6 ትክክለኛዋ ሙቭ ናት፣ ሳትፈራ በላት፣ ከዛ ሲ5ን አታዘግይ። ያ የመሐል ሜዳው ልጅ ፕሪሙቭ ካጠፋ ወዲህ እዚህች ጋ ደርሶ ኢ6 ለማለት አርባ ሰከንድ ያስባል፣ አሁን ደግሞ የሚሸነፈው በሰዓት ነው፣ እሱን እንዴት እንደምጠግነው ገና እያየሁት ነው።