ከደረጃው በፊት ካርታው፦ ፍትሐዊም ከባድም ጨዋታ እንዴት እንደሚዘጋጅ

እዚህ ሐዋሳ ሲቪላይዜሽን የሚባለውን፣ በየተራ ከተማ እየቆረቆሩ አገር የሚያሳድጉበትን የኮምፒውተር ጨዋታ የሚጫወት ሰው ስታገኙ መጀመሪያ የሚነግራችሁ የክብደት ደረጃውን ነው። «ዴይቲ ላይ በላሁት» ይላል፣ የመጨረሻው ከባድ ደረጃ ላይ ማለቱ ነው። «በምን ካርታ?» ስትሉት ወሬው ይቀዘቅዛል። ሁሉም በየደሴቱ ተበትኖ በሚኖርበት ካርታ ዴይቲን ማሸነፍና ስምንት አገር አንድ መሬት ላይ ተፋጦ በሚውልበት ካርታ ማሸነፍ ለየቅል ናቸው።

ስለዚህ እኔ የምመክረው ካርታው መጀመሪያ፣ ደረጃው መጨረሻ ነው። ምሳሌዎቼ በብዛት ከሲቪላይዜሽን 6 ናቸው። ስልክ ላይ ለምትጫወቱ ደግሞ ወደ ታች ትንሽ ነገር አለ።

1. ከማን ጋር ነው የምትጫወቱት?

ከኮምፒውተር ጋር ከሆነ ፍትሕ ብዙም አያስጨንቅም። ፕሪንስ በሚባለው መካከለኛ ደረጃ ላይ ማንም የተለየ ድጎማ የለውም። ዴይቲ ላይ ኮምፒውተሩ በሦስት ሰትለር (ከተማ የሚቆረቁር ሰፋሪ) ይጀምራል፣ እናንተ በአንድ። የምትፈልጉት ፈተና ስለሆነ ኮምፒውተሩ ጎበዝ የሚሆንበትን ካርታ ምረጡለት።

ከሰው ጋር ከሆነ ግን ነገሩ ይገለበጣል። እሁድ ከሰዓት አቶቴ አካባቢ አንድ ጓደኛችን ቤት ተሰብስበን አንድ ላፕቶፕ ላይ ሆት ሲት፣ ማለትም በየተራ እየተቀባበልን ስንጫወት፣ አንዱ ወንዝ ዳር ለም መሬት ላይ ወድቆ ሌላው በረዶ ውስጥ ከተማ ሲቆረቁር፣ ጨዋታው ሃያኛው ተራ ላይ አለቀ ማለት ነው። ያ ልጅ እስከ ማታ ስልኩን ነው የሚነካካው። እዚህ ጋ የሚያስፈልገው ማንም ሰበብ የማያገኝበት ካርታ ነው።

2. ስፋቱንና የተጫዋቹን ብዛት ወስኑ

ትንሹ፣ ዱኤል የሚባለው ካርታ፣ 44 በ26 ታይል (የካርታው አንድ አንድ ክፍል) ነው፣ ለሁለት ተጫዋች። ታይኒ 60 በ38፣ ለአራት። ስሞል 74 በ46፣ ለስድስት። ስታንዳርድ 84 በ54፣ ለስምንት። ሂዩጅ እስከ 106 በ66 ይደርሳል። ጌሙ ራሱ የሚሰጣችሁ ቁጥር መካከለኛ ነው፣ ለጀማሪ ይበቃል።

ፈተና ስትፈልጉ ስፋቱን ሳትነኩ ተጫዋች ጨምሩ። ስሞል ላይ ስምንት አገር ስታስገቡ ሁለተኛ ከተማችሁን ሳትቆረቁሩ ጎረቤት በራችሁ ላይ ነው። ሰፊ መሬት ላይ ግን ኮምፒውተሩ እስኪደርስባችሁ ስድስት ሰባት ከተማ ትገነባላችሁ፣ ከዚያ በኋላ ያለው ነገር ተራ ማሳለፍ ብቻ ነው። ደግሞ ያረጀ ላፕቶፕ ያለው ሰው ሂዩጅን ይርሳው። መጨረሻ አካባቢ አንድ ተራ እስኪያልፍ ቡና ተፈልቶ ይጠጣል።

3. አሁን ዋናው፣ የካርታው ዓይነት

ኮምፒውተሩ በባሕር ደካማ ነው። መርከብ ይሠራል፣ ግን ጦር ጭኖ፣ ባሕር አቋርጦ፣ ዳርቻ ላይ አራግፎ ከተማ መያዝ ላይ ይወላከፋል። ስለዚህ ውሃ በበዛ ቁጥር ጨዋታው ይቀልላችኋል። ይቺን ከያዛችሁ የቀረውን ራሳችሁ ትገምታላችሁ።

ፓንጊያ አንድ ትልቅ መሬት ነው፣ ሁሉም እዚያ ላይ። ከኮምፒውተር ጋር ከባዱ ይሄ ነው ባይ ነኝ። ጦሩ በእግሩ ይመጣል፣ ከሁሉም ጋር ቶሎ ትተዋወቃላችሁ፣ ሁለት ጎረቤት ተባብሮ ሊነሳባችሁ ይችላል። አንድ ችግር አለው፣ መሃል ላይ የጀመረ ሰው በአራት አቅጣጫ ይከበባል፣ ጥግ የደረሰው ደግሞ ጀርባውን ለባሕር ሰጥቶ ዘና ይላል። ለብቻችሁ ስትጫወቱ ይሄ ጨው ነው። ከጓደኛ ጋር ሲሆን የጠብ ምንጭ ነው።

ኮንቲነንትስ ብዙ ሰው የሚወደው ነው፣ እኔ ግን ለፍትሕም ለፈተናም መካከለኛ ነው የምለው። ምክንያቱን ላስረዳ። የእግር ጦር በሙሉ ውሃ ላይ መውጣት የሚችለው ሺፕቢልዲንግ (መርከብ ሥራ) የሚባለው ቴክኖሎጂ ሲጠና ነው፣ ጥልቁን ውቅያኖስ ማቋረጥ ደግሞ ካርቶግራፊ (ካርታ ሥራ) የሚባለውን ይጠይቃል። እስከዚያ ድረስ ማዶ ያለው አህጉር ላይ ምን እየተደረገ እንደሆነ አታውቁም። አንዳንዴ እዚያ ያሉት እርስ በርስ ተደቋቁሰው ደካማ ሆነው ታገኟቸዋላችሁ። አንዳንዴ ደግሞ አንዱ ጎረቤቶቹን ሁሉ ውጦ ጉድ ሆኖ ይጠብቃችኋል፣ ያኔ ነው ኮንቲነንትስ የሚጣፍጠው። ዕድል ነው እንግዲህ። ከሰው ጋር ከሆነ ጓደኞቻችሁ እኩል በሁለቱም አህጉር መከፈላቸው ዋስትና የለውም። ሦስቱ አንድ ጋ ሆነው ሲፋጁ አራተኛው ማዶ ብቻውን ሲያድግ አስቡት።

አርኪፔላጎ፣ ማለትም ደሴት በደሴት፣ ለጀማሪና ሰላም ለሚፈልግ ሰው ነው። ከኮምፒውተር ጋር ፈተና ፈልጋችሁ ይሄን አትምረጡ። ከሰው ጋር ግን ሌላ ጨዋታ ይሆናል፣ ሰው መርከብ መጠቀም ያውቅበታላ።

ኢንላንድ ሲ መሃሉ ባሕር፣ ዙሪያው መሬት ነው። የሐዋሳ ሐይቅን አስቡ፣ ብቻ እኛ በምሥራቁ ዳር ነን፣ እዚያ ካርታ ላይ ግን ሰው ዙሪያውን ይሰፍራል። ለጓደኛሞች ከሁሉም የምወደው እሱን ነው። አብዛኛው ሰው በግራና በቀኝ ጎረቤት፣ በፊቱ ውሃ ይኖረዋል። መሃል ላይ ተከብቤ ነበር የሚል ሰበብ የለም። ከኮምፒውተር ጋርም ቢሆን ጥቃቱ በመሬት ስለሚመጣ አይቀልም።

ሃይላንድስ ተራራና ኮረብታ የሞላበት ነው። መከላከል ይቀላል፣ ማጥቃት ይከብዳል። ኮምፒውተሩ ጠባብ በር ላይ ጦሩን ሰልፍ አስይዞ ሲያስጨርስ ታያላችሁ። ሌክስ ደግሞ ሜዳው ሰፊ፣ ኩሬው ብዙ ነው። ፓንጊያ ከሰለቻችሁ ሞክሩት።

ፍራክታል የሚመጣውን አይናገርም። ቅርጹ የተቆራረጠ ነው፣ አንዳንዴ ፓንጊያ፣ አንዳንዴ ሦስት አህጉር ይመስላል። ልምድ ላለው ሰው ጥሩ ፈተና የሚሆነው ዕቅድ አስቀድሞ ማውጣት ስለማይቻል ነው። የምር እኩልነት የሚፈልግ ቡድን ካላችሁ ለዚያው የተሠሩ ካርታዎችም አሉ። ስድስት ክንድ ያለው የበረዶ ቅንጣት ቅርጽ ለስድስት፣ አራት ቅጠል ያለው ለአራት ሰው። ሁሉም የራሱ ክንድ ወይም ቅጠል ላይ ይጀምራል። ለውድድር ግሩም ነው፣ ግን ሰው ሠራሽነቱ ስለሚታይ ፍለጋው ደስ አይልም።

4. ሌሎቹን ቁልፎች አትርሱ

ጨዋታ ከመጀመራችሁ በፊት አድቫንስድ ሴትአፕ የሚለው ማስተካከያ ውስጥ ግቡ። የመነሻ ቦታ የሚለው ላይ ባላንስድ (የተመጣጠነ) አለ፣ ከጓደኛ ጋር ስትጫወቱ እሱን አድርጉ። በቃ። ሌጀንደሪ ለሁሉም የተንበሸበሸ መነሻ ይሰጣል፣ አሪፍ ይመስላል፣ ፈተናውን ግን ያሟሟዋል።

የዓለም ዕድሜ ሲባል ኒው ማለት ተራራና ኮረብታ የበዛበት፣ ኦልድ ማለት ሜዳው የበዛበት ነው። ኮምፒውተሩ በነፃነት እንዲያጠቃችሁ ከፈለጋችሁ ኦልድ። የባሕር ከፍታን ዝቅ ስታደርጉ መሬት ይጨምራል። ሪሶርስን (የተፈጥሮ ሀብትን) ስፓርስ፣ ማለትም ጥቂት፣ ማድረግ ደግሞ ብዙ ሰው የማይነካው ግን ጨዋታውን የሚያከብድ ቁልፍ ነው፣ ብረትና ፈረስ ሲጠፋ ሰው ጦርነት የሚገባው ተገዶ ነው።

5. መሪው ከካርታው ጋር ይሄዳል ወይ?

በ2020 እ.ኤ.አ. ለጨዋታው ተጨማሪ ሆኖ በወጣው የኢትዮጵያ ጥቅል ዳግማዊ ምኒልክ አሉ፣ እኛ ጋ ደግሞ ሁሉም እሳቸውን ነው የሚፈልገው። ኮረብታ ላይ የተቆረቆረ ከተማ ከሚያመነጨው የእምነት ነጥብ 15 በመቶ የሚያህል ሳይንስና ባህል ያገኛል፣ ጦራቸው ኮረብታ ላይ ሲዋጋ 4 ነጥብ ብርታት ይጨምራል። ሃይላንድስ ላይ ወይም ዕድሜው ኒው በሆነ ዓለም ምኒልክን መምረጥ ማለት እንግዲህ ግማሹን ሥራ ካርታው ሠራላችሁ ማለት ነው። ኢንካም እንደዚያው፣ ተራራውን ራሱን ያርሰዋል። ሰፊ ሜዳ ላይ ሲቲያ ፈረሰኛ በሠራች ቁጥር ሁለት ስለምታገኝ ያስፈራል። ኖርዌይ ከሺፕቢልዲንግ በኋላ ውቅያኖስ ስለምትገባ ውሃ ባለበት ሁሉ ከሌላው ትቀድማለች።

ስለዚህ ከጓደኛ ጋር አንድ ሕግ አውጡ፦ መሪ ይመረጥ፣ ካርታው ከዚያ በኋላ በዕጣ ይውጣ። ወይም ሁሉም መሪ ራንደም ይሁን። ለብቻችሁ ስትጫወቱ ደግሞ ሆን ብላችሁ አቃርኑት። ምኒልክን ይዛችሁ ኦልድ የሆነ ፓንጊያ ላይ ግቡ፣ ኮረብታ ፍለጋ ስትዞሩ ጎረቤት ይመጣባችኋል።

6. አሥር ተራ ተጫውታችሁ ፍረዱ

ከጀመራችሁ በኋላ እስከ አሥረኛው ተራ ሁሉም አካባቢውን ያያል። ወንዝ አለ? ሁለተኛ ከተማ የሚሆን ቦታ አለ? ጎረቤት አጠገብ ነው? ከዚያ የምንጠቀመው ሕግ ይሄ ነው፦ ማንኛውም ሰው አንዴ «እንደ አዲስ ይጀመር» ማለት ይችላል፣ ከአሥረኛው ተራ በኋላ ግን ማንም አይችልም። ካርታው ከተዋጣለት የካርታ ሲድ የሚለውን ቁጥር ጻፉት፣ ያንኑ ካርታ ሌላ ቀን ታወጡታላችሁ። ሴቲንጉ ሁሉ ያው መሆን አለበት። መሪ ከቀየራችሁ ደግሞ መነሻ ቦታው ሊለወጥ ይችላል፣ እያንዳንዱ አገር የሚያደላለት መልክዓ ምድር ስላለው።

አውቶሴቭን በየተራው አድርጉት። መብራት መቼ እንደሚሄድ አይታወቅም።

ስልክ ላይ ለምትጫወቱ

አንሲቭ የሚባለው ጨዋታ ነፃ ነው፣ አንድሮይድ ላይ ይሠራል፣ ያለ ኢንተርኔትም ይጫወቱታል። መነሻው ሲቪላይዜሽን 5 ስለሆነ ፓንጊያ፣ ኮንቲነንትስና አርኪፔላጎ ላይ ያልኩት እዚያም ይሠራል። ካርታ መሥሪያም አለው፣ ጊዜ ያለው ሰው ራሱ እኩል አድርጎ ይሳል።

ፖሊቶፒያ የሚባለው ሌላ የስልክ ጨዋታ አነስ ይላል። ትንሹ ካርታ 121 ታይል፣ መካከለኛው 256 ነው። የካርታው ዓይነቶች ከድራይላንድ (ደረቅ መሬት) እስከ ዋተር ወርልድ (ውሃ የሞላበት) ይሄዳሉ። ፈጣንና ጨካኝ ጨዋታ ከፈለጋችሁ ትንሽ ድራይላንድ ላይ አራት ሁኑ። መካከለኛ ከሆነ ሌክስ ጥሩ ነው፣ ውሃም መሬትም አለ። ጎሳው ግን ያው ከካርታው ጋር ነው የሚታየው፦ ኡማጂ ፈረስ ይዞ ስለሚጀምር ደረቅ መሬት ላይ ይሮጣል፣ ኪኩ ደግሞ ዓሣ ማስገር ይዞ ነው የሚመጣው። ኪኩን የመረጠ ጓደኛችሁን ድራይላንድ ላይ አስገቡትና ዓሣ ፍለጋ ሲንከራተት እዩት።